ማርሽ የማትጠይቅ መኪና

ሙሉመቤት መታጠቢያ ቤት ገብታ ፊቷን ስትታጠብ ባሏ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። ሶለንቱና በሚባል ሰፈር ከሚኖረው ጓደኛው ጋር ነበር። ድምፁን ዝቅ ባያደርግ ኖሮ ጆሮም ባልሰጠችው፤ ዝቅ ሲያደርግ ግን ቧንቧውን ዘጋችው። "አሮጌዋን ሸጥኳት" ይላል ብርሃነ መስቀል፤ "ለሙሉ አውቶማቲክ ገዛሁላት። መንገዱ ወደ ቀኝ በዞረበት ሰሞን ከማርሽ ጋር ስትታገል ሰው ላይ ብትወጣስ? ይቺኛዋ መሪዋን የሚይዝላት ብቻ ነው የምትፈልገው። ሕፃን ልጅም ይነዳታል።" ከዚያ ሳቅ አለ። ሙሉመቤት ውሃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። አራት ዓመት ሙሉ፣ በበረዶውም በጭቃውም፣ በዚያች አሮጌ መኪና ከሰፈራቸው ከሄሰልቢ ጫፍ እስከ ጫፍ ስትመላለስ የሰው አጥር እንኳ ነክታ አታውቅም። ፎጣውን አንስታ ፊቷን አደራረቀች። እንዳልሰማች ለማስመሰል ቧንቧውን አንዴ ከፍታ ዘጋችና ወጣች።

ቀኑ ሰኞ ነው፤ በአገር ቤት አቆጣጠር ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ። እንቁጣጣሽ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ስዊድን ደግሞ ትናንት እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ከጥንት ጀምሮ በግራ በኩል ሲነዳ የኖረውን ሕዝቧን በሙሉ ወደ ቀኝ አሻግራለች። ከቅዳሜ ረፋድ እስከ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ስቶክሆልም ውስጥ የግል መኪና መንዳት ክልክል ስለነበር ከተማው ሐዘን እንደተቀመጠ ቤት ጭጭ ብሎ ነው የሰነበተው። ሬዲዮኑ፣ ጋዜጣው፣ የወተቱ ካርቶን ሳይቀር "ሆገር፣ ሆገር" ይላል፤ ቀኝ፣ ቀኝ ማለቱ ነው። ብርሃነ መስቀል አዲሷን መኪና ይዞ የመጣው ዓርብ ማታ ነበር። ቁልፉን እጇ ላይ አስቀምጦ "ያንቺ ናት" አላት። አሮጌዋስ ብትለው፣ ለሻጩ አስረክቦ በላዩ አራት ሺህ ክሮኖር ጨምሯል። ከቤታቸው እስከ ቱነልባናው፣ እስከ ምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ አንድ ዙር ነድቶ አሳያት፤ በማግስቱ መንገድ ተዘጋ። እሑድ ከሰዓት ሲከፈት ደግሞ አዲሱን ነገር ልሞክር ያለው ሁሉ ወጥቶ አስፋልቱን ስለሞላው ብርሃነ መስቀል "ዛሬስ ይቅርብን" አለ፤ እሷም ኩርፊያ ላይ ስለነበረች አልተከራከረችም። እንዲህ ሆኖ፣ መንገዱም መኪናዋም በአንድ ቀን አዲስ ሊሆኑባት ነው።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። ሦስት ሰው ሲበላበት የሚበቃው ጠረጴዛ ካለፈው ሐምሌ ወዲህ አራት ሰው ይቀርብበታል፤ አባቷ አቶ ገብረ ወልድ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ መጥተዋል። እሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ አሰብ በከባድ መኪና የተመላለሱ፣ የጣርማበርን ቁልቁለት እንደ ደጃቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ግን ገና አልወጣም፤ ቁጭ ባሉበት ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ አንዳንዴ ወደፊት አንዳንዴ ወደኋላ ይላል። የሰባት ዓመቷ መነን ትምህርት ቤት ከገባች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አያቷ በአማርኛ ይጠይቋታል፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፣ ሁለቱም የተግባቡ መስሏቸው ይተላለፋሉ። ዛሬ ጠዋት መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ እያሳየች ታስረዳቸዋለች፤ መጀመሪያ ወደ ግራ ይታያል፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ። አቶ ገብረ ወልድ ቋንቋው ባይገባቸውም ጣቷን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ብርሃነ መስቀል ከስልኩ ተመልሶ ከረቫቱን እያስተካከለ፣ ወደ ሚስቱ ሳያይ፣ "አባባ፣ ዛሬ አብረዋት ቢወጡ መልካም ነው። ዐይን ይሆኗታል" አለ። አቶ ገብረ ወልድ ባርኔጣቸውን አስቀድመው አዘጋጅተው ኖሯል። ሁለቱ ወንዶች በእሷ ላይ ሲመክሩ እንዳደሩ ሙሉመቤት ያን ጊዜ ገባት። ቅቤ የቀባችውን ዳቦ ለመነን በወረቀት ጠቀለለችና ቦርሳዋን አነሳች። ብርሃነ መስቀል ወደ ቱነልባናው ወረደ። መሐንዲስ ነው፤ ቢሮው መሀል ከተማ ነው።

ሙሉመቤት ቤት ለቤት እየዞረች አቅመ ደካሞችንና ከሆስፒታል የወጡትን የምታይ ነርስ ናት። ዛሬ አምስት በሽተኛ አለባት። መኪናዋ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ነጭ ናት፣ ሽታዋ ገና የሱቅ ነው። እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ የለመደቻቸው ሦስቱ መርገጫዎች የሉም፤ ሁለት ብቻ ናቸው። ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለም። እጀታዋን አንድ ጊዜ ከሳቡላት በኋላ ማርሹን ራሷ ትቀያይራለች። አባቷ ከጎኗ ተቀምጠው የቀረውን ሁለት መርገጫ ጎንበስ ብለው አዩና፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሙሉመቤት ቁልፉን አዞረች፣ እጀታዋን ሳበች፣ መኪናዋም ማንም ሳይነግራት ተንፏቀቀች። መንገዱ ላይ ያለው መኪና ሁሉ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ሰዉ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ነው የሚንቀሳቀሰው። ክላክስ የሚያሰማ የለም። ተሻጋሪ ሲያዩ ሁሉም ይቆማሉ፤ ተሻጋሪውም መኪና ሲያይ ይቆማል፤ እንዲህ እየተጠባበቁ ትንሽ ጊዜ ይፈጃሉ።

የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሙሉመቤት ልታቆም ስትል ግራ እግሯ ከአራት ዓመት ልማዱ ተነሥቶ ፍሪሲዮኑን ፈለገ። ያገኘው ፍሬኑን ነው፤ ፍሪሲዮን እንደሚረገጥ በሙሉ ኃይሉ ረገጠው። መኪናዋ ባለችበት ደረቀች። የአቶ ገብረ ወልድ ባርኔጣ ከፊት መስታወቱ ጋር ተላትሞ ወደቀ፣ የኋላ ወንበር ላይ የነበረው የፋሻ ካርቶን ተገለበጠ፣ ከኋላ ይመጣ የነበረው የዳቦ መኪናም ለጥቂት ቆመ። አቶ ገብረ ወልድ ባርኔጣቸውን አነሱ፣ በክንዳቸው ጠረጉት። ከዚያ በኋላ አፋቸው አላረፈም። መኪና ማለት ሥራውን ከሰው ጋር ተካፍሎ የሚሠራ ነው አሏት። ሲከብደው በድምፁ ይነግርሻል፣ አንቺም በእጅሽ ትመልሺለታለሽ፤ እጅሽና እግርሽ ሥራ ከያዙ ሐሳብሽ የትም አይሄድም። የጣርማበርን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ሲወርዱ እንቅልፍ ወስዶት የሞተ ሾፌር አያውቁም፤ እንቅልፍ የሚገድለው ሚሌ በረሃ ላይ ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ማርሹ አንድ፣ እጅ ሥራ የፈታበት ቦታ። ይቺን መኪና የሠራ ሰው ሾፌሩን ሚሌ በረሃ ላይ አስቀምጦታል። ሙሉመቤት እየነዳች ግራ እግሯን ከወንበሩ ሥር አጥፋ ቀበረችው።

የመጀመሪያዋ በሽተኛ ፍሩ ሊንድክቪስት ናቸው፤ ፍሩ ወይዘሮ ማለት ነው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ የስኳር መርፌያቸውን በየጠዋቱ ሙሉመቤት ትወጋቸዋለች። ቤታቸው አንዲት ክፍል ከእነ ወጥ ቤቷ ናት፤ ግድግዳዋ በሙሉ የፈረስ ሥዕል ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ከቤት አልወጡም፤ የሚጠጡትን ወተት ጎረቤት ነው የሚያቀብላቸው። ክንዳቸውን ሰጥተው እየተወጉ፣ መኪናው ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌ ማን እንደሆኑ ጠየቁ። አባቴ ናቸው፣ ሾፌር ነበሩ አለች ሙሉመቤት። የፍሩ ሊንድክቪስት ፊት በራ። የእሳቸው ባልም ሾፌር ነበር፤ የፈረስ ጋሪ ሾፌር። ብሩና የምትባል ፈረስ ነበረችው፤ ማታ ሥራ ሲጨርስ ልጓሙን ለቆላት ይተኛል፣ እሷ ደግሞ ከተማውን አቋርጣ በር ላይ ታደርሰዋለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረ። አንድ ክረምት ግን ብሩና ሞተችና በሌላ ፈረስ ተተካች፤ እሱም እንደ ልማዱ ተኛ፤ አዲሷ ፈረስ ቀድሞ ወደምታውቀው ጋጥ፣ ወደ ሌላ ሰፈር ይዛው ሄደች። "የማያውቀው ሰው ግቢ ውስጥ ነቃ" አሉ ፍሩ ሊንድክቪስት እየሳቁ፤ "ከዚያ ወዲያ ተኝቶ አያውቅም፤ መንገድ ላይ ማለቴ ነው።" ሙሉመቤትም ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ታሪኩን ለአባቷ ልትነግራቸው አሰበችና፣ በር ከፍታ ስትገባ ከሚሌ በረሃ አልተመለሱም ነበርና ተወችው።

ሁለተኛው የአንድ አትክልተኛ ቁስል ነው፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ወደ ሦስተኛው ቤት ሲሄዱ አቶ ገብረ ወልድ ወግ ቀየሩ። ኢትዮጵያም እኮ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሃምሳ ስድስት ሰኔ አንድ ቀን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ዞራለች፤ ሙሉመቤት ያን ጊዜ እዚህ ስለነበረች አላየችውም። እንዴት እንደነበረ እየነገሯት ነው። ፖሊሶቹ በየመንገዱ ቆመው፣ ባለ ጋሪው ግራ ገብቶት መሀል ለመሀል ሲሄድ፣ አህያ ነጂው ግን አህዮቼ አዋጁን አልሰሙም ብሎ ሲሟገት። ወጉ ጣፋጭ ነበር፤ ክፋቱም ያ ነው። አህዮቹ የቆሙበትን ቦታ በእጃቸው እያሳዩ ሳለ ሙሉመቤት ከውስጥ ለውስጥ መንገዱ ወጥታ ወደ ዋናው አስፋልት ወደ ግራ ልትታጠፍ ደረሰች። ድሮ ቢሆን ለመታጠፍ ማርሽ ትቀንስ ነበር፤ ያን ጊዜ እጅም እግርም ሐሳብም አንድ ላይ ይነቁ ነበር። አሁን የምትቀንሰው የለም። መሪውን እንደ ልማዷ፣ በአጭሩ ወደ ግራ አጠፈችው። መኪናዋም ያለ አንዳች ማንገራገር፣ ትናንትና የሷ የነበረው፣ ዛሬ ግን የሌላ ሰው ወደሆነው መንገድ ገባች።

ከፊቷ አውቶቡስ መጣ። ቀዩን ግንባሩን፣ መጥረጊያዎቹን፣ የሾፌሩን ቆብ ሁሉንም ለይታ አየች። ፍሬኑን ረገጠች፤ እሱም ረገጠ። ሁለቱም በዝግታ ይሄዱ ስለነበር ሦስት ሜትር ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። የአውቶቡሱ ሾፌር አልተቆጣም። መስኮቱን ከፍቶ ራሱን አወጣና፣ ተማሪውን እንደሚያርም መምህር፣ በጣቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ እያለ አሳያት። ሙሉመቤት ወደ ኋላ ልትመለስ እጀታዋን ገፋች። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። አቶ ገብረ ወልድም ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ "አላልኩሽም? እጅሽን ሥራ አስፈትቶ አእምሮሽን ወሰደብሽ! አላልኩሽም?" ይላሉ።

ሙሉመቤት ሁለተኛ ስትሞክር እጀታዋ ገባላት። ወደ ኋላ ተመለሰች፣ አውቶቡሱን አሳለፈች፣ መኪናዋን ዳር አስይዛ ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ በሕይወቷ ለአባቷ ተናግራው የማታውቀውን ነገር ተናገረች።

"አባባ፣ እባክዎን ይውረዱልኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ይውረዱልኝ አልኩ። መኪናዋንና እርስዎን፣ ሁለታችሁን ባንድ ጊዜ መንዳት አልቻልኩም።"

አቶ ገብረ ወልድ ባርኔጣቸውን አጠለቁ፣ ወረዱ፣ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት። ወርውረው ቢዘጉት ይሻላት ነበር። የመንገዱን ዳር ይዘው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ወደ መጡበት ሲሄዱ በመስታወቱ አየቻቸው። ቋንቋ አያውቁም፤ ኪሳቸው ውስጥ ያለው እሷ ራሷ አድራሻቸውን የጻፈችበት ወረቀት ብቻ ነው። ሰዓቷን አየች። ረፋዱ አራት ሰዓት ሊሆን ነው፤ አናጢው ኤክ በአራት ሰዓት መርፌ አለው፤ ቀዶ ጥገና አድርጎ ከተኛበት ገና መነሳቱ ነው። አባቷ ጤነኛ ሰው ናቸው፤ ኤክ ታሟል። ይህን ለራሷ ሁለት ጊዜ ከነገረች በኋላ ሞተሩን አስነሳች።

ከዓርብ ወዲህ ብቻዋን የሆነችው አሁን ገና ነው። ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው፣ እግሯ የሚያሳስባት የለም፤ ዐይኗ እንዳሻው ይሄዳል። ከብስክሌቷ ወርዳ እየገፋች የምትሄደውን ሴትዮ ከሩቅ አየቻት። ከቆመው የጭነት መኪና ሥር የሚታየውን የውሻ እግር አየች፤ ውሻ ካለ ባለቤት አለ ብላ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ እውነትም አንድ ሰውዬ ገመዱን እየሳበ ወጣ። በአሮጌዋ መኪና ይህን ሁሉ ታይ ነበር? አንዳንዱን ታይ ነበር፣ አንዳንዱን ግን ማርሹ ይጋርዳት ነበር። ይህን ባሏ ቢሰማ እንዴት ደስ ይለው ነበር ብላ ስታስብ ንዴቷ ተመለሰ። ሕፃን ልጅም ይነዳታል ያለው ድምፅ መጣባት። ምን እንደምትመልስለት፣ እሱ ምን እንደሚል፣ እሷ ቀጥላ ምን እንደምትል ስትደረድር የሰፈሩን የአትክልት ቦታዎች ሁሉ አልፋ ራሷን ከኤክ ቤት ፊት ለፊት አገኘችው። በመካከል ያለውን መንገድ አታስታውሰውም። ደነገጠች። አባቷ ልክ ነበሩ፤ ቢያንስ በዚህ በኩል ልክ ነበሩ። አሮጌዋ መኪና በየዳገቱ እየጠራች ትመልሳት ነበር፤ ይቺኛዋ አትጠራም። የሚጠራት ካስፈለገ ራሷ መፈለግ አለባት። ኤክን ወግታ ስትመለስ መስኮቱን እስከ ታች ከፈተችው። የነሐሴ ማብቂያ ብርዱ ፊቷን ገረፈው፣ የጎማው ድምፅ፣ የሰው ኮቴ፣ የብስክሌት ደወል ገባላት። የምታየውንም ድምፅ አውጥታ መናገር ጀመረች፤ "መስቀለኛ፤ ከግራ መኪና አለ፤ ይለፍ፤ አሁን እኔ፤ ቀኝ ይዘሽ ሂጂ ሙሉ።" ያያት ሰው ካለ ያበደች ይመስለው ይሆናል። ይምሰለው።

አራተኛውን ቤት ጨርሳ አባቷን ፍለጋ ተመለሰች። ከተለያዩበት ቦታ የሉም። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ በዝግታ ሄደችበት፤ የሉም። የሱቁ በር፣ የአውቶቡስ መጠበቂያው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር፣ የትም የሉም። ግራ ቀኙ በተምታታበት ከተማ ውስጥ፣ የሰባ ዓመት አባቷን፣ እንግዳዋን፣ አስፋልት ላይ ጥላ ሄዳለች። ለእናቷ ምን ብላ ትጽፋለች? ትምህርት ቤቱ አካባቢ ስትደርስ ከሩቅ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎች የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ቆመው አየች፤ ሰሞኑን ሕዝቡን ለማሻገር በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ሰዎች በየማቋረጫው ቆመዋል። አንዷ ረጅም ሴትዮ ናት። ሁለተኛው ሰው ከቢጫው ሰደርያ በላይ ባርኔጣ አጥልቋል። አቶ ገብረ ወልድ ናቸው።

የመጀመሪያ ክፍል ልጆች እኩለ ቀን ላይ ተለቀው ሁለት ሁለት እየሆኑ ተሰልፈዋል። አቶ ገብረ ወልድ መንገዱ መሀል ገቡና መዳፋቸውን ወደ ሙሉመቤት መኪና ዘረጉ። ቆመች። እሳቸው ጎማዋን አዩ፣ መስመሩን አለማለፏን አዩ፣ ከዚያ እሷን አዩ፤ ፊታቸው ግን የሥራ ፊት ነው፣ ምንም አልተነበበበትም። ለልጆቹ በአገጫቸው ምልክት ሰጡ። ልጆቹ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ እንደገና ወደ ግራ አዩ፣ ተሻገሩ። መነን ከጓደኛዋ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ በመካከላቸው አለች። የሚያሻግራችሁን ሰው አታናግሩ ስለተባሉ አያቷን እንደማታውቅ ሆና፣ አንገቷን አቅንታ፣ ጉንጯ ብቻ ከሳቅ ብዛት ተነፍቶ አለፈች።

ረጅሟ ሴትዮ ወደ መስኮቱ ቀረብ ብላ ሙሉመቤትን ሰላም አለቻት፤ ስሟ ብሪታ ነው። ሽማግሌው አባቷ መሆናቸውን ስትሰማ እጇን ይዛ አልለቅ አለቻት። መጥተው ከአጠገቧ ቆመው ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ሲመለከቱ ነበር አለች። አንዲት ወጣት እናት የሕፃን ጋሪዋን እየገፋች፣ ቀድሞ እንደለመደችው ወደ ቀኝ ብቻ አይታ ልትወርድ ስትል፣ እሷ፣ ብሪታ፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነበር፤ እሳቸው ናቸው ጋሪውን ይዘው ያስቀሩት። ከግራ የመጣው መኪና በአጠገባቸው አለፈ። ወጣቷ አለቀሰች፤ እሳቸው ደግሞ ጋሪውን ለቀው ባርኔጣቸውን አነሱላት። ትርፍ ሰደርያ ነበረኝ አለች ብሪታ፤ ቃል አንግባባም ግን እንደ እሳቸው ዐይኑ የማይነቀል ሰው አላየሁም፤ እስከ ስምንት ሰዓት ተራችን ነው፣ ባትወስጂብኝ ደስ ይለኛል። ሙሉመቤት ወደ አባቷ አየች። እሳቸው ለመሄድ ምልክት ሰጧት፤ ከኋላዋ ሦስት መኪና ቆሟል። ሄደች።

መነንን ምሳ አብልታ ጎረቤት ዘንድ ካስቀመጠቻት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሳ መጣች። አቶ ገብረ ወልድ ሰደርያውን አውልቀው፣ አጥፈው፣ ለብሪታ በሁለት እጃቸው መለሱላትና ወደ መኪናዋ መጡ። ሙሉመቤት የፊተኛውን በር ከፍታ ጠበቀቻቸው። እሳቸው ግን የኋላውን ከፍተው ገቡ። ተቀይመውኛል ብላ መኪናዋን ሳታንቀሳቅስ ቆየች። ይቅርታ ለማለት ቃል ስትመርጥ፣ ከኋላዋ፣ "ከፊት ከተቀመጥኩ እግሬም አፌም ይነዳል፤ እዚህ ይሻለኛል" አሏት።

"አስቀየምኩዎት፣ አባባ።"

"አስወረድሽኝ እንጂ አላስቀየምሽኝም። እኔም አሰብ መንገድ ላይ ስንት ለፍላፊ አስወርጃለሁ።" ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጨመሩ፤ "ማርሽ ያለው ይሻላል የምለውን ግን አልተውኩም።"

ሙሉመቤት ሳቋ መጣ። ፍሩ ሊንድክቪስት የነገሯትን የፈረሶቹን ታሪክ ስትነግራቸው እሳቸውም ከኋላ ሆነው እስኪያስላቸው ሳቁ። አምስተኛው ቤት ገብታ እስክትወጣ ጠበቋት፤ ከዚያ ወደ ቤት ሄዱ። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ሰማቻቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተዉት።

ብርሃነ መስቀል አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባ። ድንችና የተጠበሰ ዓሣ ቀርቧል። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ፣ ሹካውን አነሳ፣ ወደ አማቱ ዞሮም፣ "እንዴት ነበረች፣ አባባ? ጥሩ ነዳች?" አለ። አቶ ገብረ ወልድ የዓሣውን እሾህ እያወጡ ሳሉ ቀና አላሉም። "እሷን ጠይቃት" አሉ፤ "እዚሁ ተቀምጣለች። እኔ አስፋልት ላይ ነው የዋልኩት።" መነን ሰሐኗን ይዛ ሬዲዮን ወዳለበት ክፍል እንድትሄድ አያቷ በዐይናቸው ጠቆሟት፤ እሳቸውም ሰሐናቸውን ይዘው ተከተሏት። ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። ሙሉመቤት ቀኑን ሙሉ ስትደረድረው ከዋለችው ንግግር አንዱንም አላገኘችውም።

"ጠዋት በስልክ ያልከውን ሰምቻለሁ" አለች። "መኪናዬን ሳትጠይቀኝ ሸጥካት፤ እሺ። ሰው ላይ የምወጣ አድርገህ ግን ለምን አወራህብኝ? መቼ ወጣሁ?"

ብርሃነ መስቀል ሹካውን አስቀመጠ። መጀመሪያ ለደኅንነቷ መሆኑን፣ ጋዜጣው አደጋ ይበዛል ማለቱን ተናገረ፤ እሷ ዐይኗን ሳትነቅል ስታየው ድምፁ እያነሰ ሄደ። መነጽሩን አውልቆ በከረቫቱ ጠረገው። ሳያጠልቀውም ተናገረ፤ ምናልባት ፊቷን አጥርቶ ላለማየት ይሆናል። "አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ የፈራሁት።" አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም። ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ በእርሳስ ማርሽ ሲለማመድ የሥራ ጓደኞቹ አይተው ስቀውበታል። ባልተለመደ ጎን፣ በማርሽ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል መንዳቱን ሲያስበው እርሳሱን ጥሎ ይነሣል። ቢያንስ አንዱ ነገር ይቀነስልኝ ብሎ ነው አውቶማቲኳን የገዛው። ለራሴ ነው ለማለት አፈረ። ዓርብ ከሻጩ እስከ ቤት ሲያመጣት ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር፤ እሑድ ይቅርብን ያለውም መንገዱ ስለተጨናነቀ አልነበረም።

ሙሉመቤት ንዴቷን ብትፈልገው ከቦታው የለም። አሥር ዓመት የምታውቀው፣ ድልድይ ስንት ኩንታል እንደሚችል በወረቀት አስልቶ የሚነግራት ሰው፣ ዓሣው እየቀዘቀዘ ጉልበቱን እያየ ተቀምጧል። "ፍርሃትህን በእኔ ስም ገዛኸው" አለችው። ድምፅዋ ግን እንደ ቃሉ አልከረረም። አዎ አለ። ዳግመኛ እንዲህ አታድርገኝ አለችው። አላደርግም አለ። ከዚያ ተነሣች፤ ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች፤ የእሱንም አወረደችለትና ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠች። አልመሸም፤ ፀሐይዋ ገና ከፎቆቹ በላይ ነበረች።

መጀመሪያ ከሕንፃው ኋላ ባለው ባዶ ቦታ ሦስት ዙር ዞረ። ግራ እግሩን ከወንበሩ ሥር እንዲያጥፈው ነገረችው፤ መስኮቱን ከፈተችለት፤ ሌላ ምንም አላለችውም። አራተኛው ዙር ላይ፣ ሳትጠይቀው፣ ወደ መውጫው አዞረ። መንገዱ ጋ ሲደርስ ቆሞ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ እንደገና ወደ ግራ አየና ወጣ። ትከሻው እስከ ጆሮው ተሰቅሏል። አንድ መኪና ከፊታቸው መጣና በግራ በኩላቸው፣ ማለፍ ባለበት በኩል አለፈ፤ ብርሃነ መስቀል ትንፋሹን ለቀቀ። ሁለተኛው ሲያልፍ ትከሻው ትንሽ ወረደ። ከሰፈሩ ዳር ወዳለው ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ታጠፈ፤ አስተካክሎ ታጠፈ። ሙሉመቤት እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገችው፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜም ዐይኗን ከአስፋልቱ ላይ አነሳች። በስተቀኝ በኩል የአትክልተኞቹ የመስታወት ቤቶች በምሽቷ ፀሐይ በርተው ነበር፤ ውስጣቸው አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ቲማቲም ስትለቅም፣ ቅርጫቷን ስትሞላ፣ ቀና ብላ ወገቧን ስትይዝ፣ እስኪያልፉ ድረስ አየቻት።